መጽሐፍና ንባብ በጥንቱ ዓለም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የጥንት መጻሕፍት ነገር ሲነሣ ወሬው ቶሎ ብሎ እስክንድርያ ይደርስና ቃጠሎው ላይ ያበቃል። ከዚያ በፊትም በኋላም ግን ብዙ የሚነገር አለ፤ መጽሐፉ ከምን ተሠራ? ማን አነበበው? ለምንስ አንዱ ጠፍቶ ሌላው እኛ ዘንድ ደረሰ? ከታች ያሉት ከአንባብያን ብዙ ጊዜ የሚነሡ ጥያቄዎች ናቸው። ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆኑ፣ ቅ.ል.ክ. የሚለው ቅድመ ልደተ ክርስቶስን ያመለክታል።

መጀመሪያ የተጻፈው ምን ነበር? ግጥም ነው ወይስ ጸሎት?

ሁለቱም አይደለም፤ ሒሳብ ነው። በደቡብ ኢራቅ በምትገኘው በጥንታዊቷ የኡሩክ ከተማ ከ3300 እስከ 3200 ቅ.ል.ክ. ገደማ የተጻፉት የሸክላ ጽላቶች የሚናገሩት በአብዛኛው ስለ ገብስ፣ ስለ ቢራ፣ ስለ ከብትና ስለ ሠራተኛ ቀለብ ነው። ጸሐፊው እርጥብ ጭቃ ጠፍጥፎ በተቀረጸ ሸምበቆ ምልክት ያሳርፍበትና እንዲደርቅ ይተወዋል። ተረቱ፣ መዝሙሩና ምሳሌው ወደ ጽሑፍ የገቡት ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ነው።

በስሟ የምትታወቅ የመጀመሪያዋ ደራሲ ሴት ናት። ኤንሄዱአና የአካዱ ንጉሥ የሳርጎን ልጅ ስትሆን፣ በ2300 ቅ.ል.ክ. አካባቢ በዑር ከተማ የጨረቃ አምላክ ሊቀ ካህናት ነበረች። ለሴት አምላኳ ለኢናና የተደረሰው ዝነኛ ውዳሴ የእርሷ እንደሆነ ይነገራል። በእጃችን ያሉት ቅጂዎች ግን እርሷ ካለፈች ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ የተጻፉ ናቸው፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ጽሕፈት የሚማሩ ተማሪዎች ለልምምድ የገለበጧቸው ናቸው። ይህን ልብ ይበሉልኝ፤ የጥንት መጽሐፍ ታሪክ ሁሉ በዚህ ዓይነት ሰው እጅ ያለፈ ነው።

ከጭቃ የተሠራ ጽሑፍ እስከ ዛሬ እንዴት ቆየ?

በእሳት። የአሦሩ ንጉሥ አሹርባኒፓል በ7ኛው መቶ ዘመን ቅ.ል.ክ. በነነዌ ታላቅ የጽላት ስብስብ አደራጅቶ ነበር። ማንበብና መጻፍ መቻሉን በኩራት የሚናገር ንጉሥ ነበር፤ ከየቤተ መቅደሱ ጽላት እየሰበሰቡ እንዲልኩለት ለሹማምንቱ ያዝዝ ነበር። በ612 ቅ.ል.ክ. ነነዌ በጠላት እጅ ወድቃ ስትቃጠል ቤተ መንግሥቱም አብሮ ነደደ። የሸክላው ጽላት ግን በእሳቱ ይበልጥ ጠነከረ። በሰምና በቆዳ ላይ የተጻፈው ሁሉ ሲጠፋ፣ ከፍርስራሹ ሥር ከ30,000 በላይ ጽላትና ስባሪ ተርፎ ዛሬ ለንደን በሚገኘው የብሪታንያ ሙዚየም ተቀምጧል። ጆርጅ ስሚዝ የተባለው የሙዚየሙ ሠራተኛ በ1872 ከእነዚህ በአንዱ ላይ የጥፋት ውኃን ታሪክ አንብቦ ዓለምን አስደነቀ፤ ጽላቱ የጥንቱ ጀግና ንጉሥ የጊልጋሜሽ ታሪክ አንድ ክፍል ነበር።

ከነነዌ ጽላቶች ግርጌ ብዙ ጊዜ እርግማን ይገኛል። ጽላቱን የወሰደን፣ ስሙንም በንጉሡ ስም ፋንታ የጻፈን ሰው አማልክት ስሙንና ዘሩን ከምድር እንዲያጠፉ ይጠይቃል። የግዕዝ የብራና መጽሐፍ ገልጦ ያየ ሰው ይህን ሲሰማ እንግዳ አይሆንበትም፤ «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ይኩን» የሚለው ውግዘት ከሁለት ሺህ ዓመት በኋላ በሌላ እምነትና በሌላ ቋንቋ ያንኑ ፍርሃት ይናገራል። መጽሐፍ አንድ ጊዜ ከተሰረቀ የሚተካው በወራት ድካም ነበርና።

ፓፒረስ ምንድን ነው? እንዴትስ ይዘጋጅ ነበር?

ጣና ላይ ታንኳ የሚሠራበት ደንገል ነው፤ ተክሉ ያው ነው። ግብፃውያን የግንዱን ልጣጭ አንሥተው ነጩን ውስጡን በቀጫጭኑ ይሰነጥቁታል። አንዱን ረድፍ በቁመት፣ ሌላውን በላዩ አግድም ይደረድሩና ይጫኑታል፤ ሲደርቅ አንድ ገጽ ይሆናል። ገጾቹ ጫፍ ለጫፍ ተጣብቀው ጥቅልል ይወጣቸዋል። ቀለሙ ከጥላሸት፣ ከሙጫና ከውኃ ነው። ጥቅልሉ ብዙውን ጊዜ ጥቂት ሜትር ቢሆንም፣ በፈርዖን ራምሴስ 3ኛ ዘመን ስለተደረጉ ስጦታዎች የሚናገረው ትልቁ የሃሪስ ፓፒረስ 40 ሜትር ያልፋል።

ጽሑፍ ያለባቸው እጅግ ጥንታዊ ፓፒረሶች በ2013 በቀይ ባሕር ዳርቻ በዋዲ አል ጃርፍ ተገኙ። ዕድሜያቸው ወደ 4,600 ዓመት ነው። ከእነርሱ መካከል ሜረር የተባለ የጀልባ ሠራተኞች አለቃ የያዘው የቀን መዝገብ አለ፤ ሰዎቹ ከቱራ የኖራ ድንጋይ ጭነው ለንጉሥ ኩፉ ፒራሚድ ወደ ጊዛ እንዴት እንዳጓጓዙ ቀን በቀን ይዘግባል። ፒራሚዱን ሲሠሩ ከነበሩ ሰዎች አንዱ በገዛ ዘመኑ የጻፈውን ማንበብ መቻላችን እስከ ዛሬ ያስገርመኛል።

ፓፒረስ በቀላሉ የሚፈረካከስ ነገር ነው የሚለው አስተያየት ሲሠራ የነበረበትን ዘመን አያውቅም። በደህና ከተያዘ መቶ ዓመትም ሁለት መቶ ዓመትም ያገለግል ነበር። ጠላቱ እርጥበት ነው። ስለዚህም ነው በአቴናና በሮም የነበረው ከሞላ ጎደል ሁሉ ጠፍቶ የግብፅ በረሃ አሸዋ የቀበረው የቀረልን። በኦክሲሪንከስ ከተማ የቆሻሻ ክምር ውስጥ ብቻ ከ1896 ጀምሮ በተደረገ ቁፋሮ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ቁራጭ ወጥቷል፤ የግጥም መጽሐፍ፣ ወንጌል፣ የግብር ደረሰኝ፣ የቤተሰብ ደብዳቤ፣ ሁሉም ተደባልቆ።

ጥቅልል ማንበብ አስቸጋሪ አልነበረም?

ለለመደው አልነበረም። አንባቢው በቀኝ እጁ እየፈታ በግራው ይጠቀልላል፤ ጽሑፉ በጠባብ አምዶች ስለተደረደረ በአንድ ጊዜ ሁለት ሦስት አምድ ፊቱ ይታየዋል። አንብቦ ሲጨርስ ለሚቀጥለው ሰው መልሶ መጠቅለል አለበት። የመጽሐፉ ርእስ ብዙ ጊዜ በመጨረሻው ላይ ይጻፋል፤ በመደርደሪያ ላይ ለመለየት ደግሞ ከጥቅልሉ ጫፍ የምትንጠለጠል ትንሽ ምልክት ነበረች። ችግሩ አንድን ጥቅስ ፈልጎ ማግኘት ላይ ነው። የጥንት ደራስያን ሲጠቅሱ ብዙ ጊዜ በቃላቸው የሚጠቅሱት፣ አንዳንዴም የሚሳሳቱት በዚህ ምክንያት ነው።

የጥንት ሰዎች ድምፅ ሳያሰሙ ማንበብ አያውቁም ነበር የሚባለው እውነት ነው?

አይደለም፤ ግን ከምንም አልተነሣም። የቤተ ክርስቲያን ሊቁ አውግስጢኖስ «ኑዛዜ» በተባለው ድርሰቱ ስድስተኛ መጽሐፍ የሚላኑን ጳጳስ አምብሮስዮስን ሲያነብ እንዳየው ይጽፋል፤ ዓይኑ ገጹን ይከተላል፣ ልቡ ፍቺውን ይመረምራል፣ ድምፁና አንደበቱ ግን ዝም ብለዋል። አውግስጢኖስ ይህን አስተውሎ ምክንያቱን መመርመሩ፣ በዝምታ ማንበብ ያኔ እንደ ተአምር ይታይ ነበር የሚል ድምዳሜ አስከተለ። ነገር ግን ከዚያ አራት መቶ ዓመት በፊት፣ በ63 ቅ.ል.ክ. የሮም ምክር ቤት በተሟሟቀ ክርክር ላይ ሳለ ለዩልዮስ ቄሣር ትንሽ ደብዳቤ እንደመጣለትና በዝምታ እንዳነበባት የሕይወት ታሪክ ጸሐፊው ፕሉታርክ ይተርካል። የቄሣር ተቃዋሚ የነበረው ካቶ ከጠላት የመጣች መስላው ጮኸ፤ ቄሣርም ሰጠው፤ የገዛ እኅቱ ለቄሣር የጻፈችው የፍቅር ደብዳቤ ሆና ተገኘች። በታሪኩ ውስጥ በቄሣር ዝምታ የተገረመ ሰው የለም።

ያም ሆኖ ድምፅ የንባብ ዋና መንገድ ነበር። ለኢትዮጵያውያን የቀረበው ምስክር በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ያለው ነው። የንግሥት ህንደኬ ባለሟልና የገንዘቧ ሁሉ አዛዥ የነበረው ጃንደረባ በሠረገላው ተቀምጦ ትንቢተ ኢሳይያስን ያነብ ነበር፤ ፊልጶስ ሮጦ ሲቀርብ ንባቡን ሰማ። እየተጓዘ ለራሱ የሚያነብ ሰው ድምፁን አውጥቶ ያነባል፤ ጸሐፊው ይህን ሲነግረን ምንም ማብራሪያ አያክልበትም፤ የዘመኑ አንባቢ አያስፈልገውም ነበርና። በሮም ደግሞ ሀብታሞች ለማንበብ ብቻ የሠለጠኑ ባሪያዎች ነበሯቸው። ሮማዊው ሊቅ ታላቁ ፕሊንዮስ ራት ሲበላም፣ ከመታጠቢያ ወጥቶ ሰውነቱን ሲያሹትም መጽሐፍ ይነበብለት ነበር። የሮም ፖለቲከኛና ደራሲ ሲሴሮ አንባቢው የነበረው ወጣት ሶሲቴዎስ ሲሞትበት፣ በባሪያ ሞት ከሚገባው በላይ እንዳዘነ ለወዳጁ ጽፏል። ይህን ደብዳቤ ባነበብሁ ቁጥር የሚያሳዝነኝ «ከሚገባው በላይ» የሚለው ነው።

ድምፅ ያስፈለገበት ሌላም ምክንያት አለ። የግሪክ መጻሕፍት፣ ኋላም የላቲኖቹ፣ በቃልና በቃል መካከል ክፍተት አልነበራቸውም፤ ፊደሉ ያለ ማቋረጥ ይወርዳል። ጆሮ ዓይንን ይረዳል ማለት ነው። ግዕዝ በዚህ በኩል ዕድለኛ ነው፤ ሁለት ነጥብ ከጥንት ጀምሮ ቃልን ከቃል ይለይለታል።

ከሕዝቡ ስንት እጁ ማንበብ ይችል ነበር?

ጥቂቱ። የታሪክ ምሁሩ ዊልያም ሃሪስ በ1989 ባሳተመው ጥናት በሮም ግዛት በአጠቃላይ ከ10 እስከ 15 በመቶ ቢሆን ነው ብሎ ገምቷል። ግምቱን ዝቅተኛ ነው የሚሉ አሉ፤ የሕዝቡ አብላጫ እንዳላነበበ ግን ማንም አይጠራጠርም። ይህ ማለት ግን አብላጫው ከመጽሐፍ ራቀ ማለት አይደለም። የግሪኩን ባለቅኔ ሆሜርን ያላነበበው ሰምቶታል፤ ደብዳቤ መጻፍ የማይችለው ገበያ ወጥቶ ጸሐፊ ይቀጥራል። በእኛም አገር ዳዊት የሚደግም ጎረቤት ሲያነብ የሚያዳምጥ ቤተሰብ መጽሐፉን ያውቀው ነበር።

ሴቶችም ይጽፉ ነበር። በሰሜን እንግሊዝ በቪንዶላንዳ የሮማውያን ምሽግ በ100 ዓ.ም. አካባቢ ክላውዲያ ሴቬራ የምትባል የጦር አዛዥ ሚስት ወዳጇን ለልደት ቀኗ የጠራችበት ደብዳቤ በቀጭን እንጨት ላይ ተጽፎ ተገኝቷል። ዋናውን የጻፈው ጸሐፊ ነው፤ በመጨረሻ የታከለችው የናፍቆት ሰላምታ ግን የራሷ የእጅ ጽሕፈት ናት።

መጽሐፍ ይሸጥ ነበር? ደራሲውስ ምን ያገኝ ነበር?

ይሸጥ ነበር። በአቴና የፈላስፋውን የአናክሳጎራስን መጽሐፍ በአንድ ድራክማ መግዛት ይቻል እንደነበር ሶቅራጥስ በችሎቱ ላይ ሲናገር ፕላቶ ጽፎታል። በሮም ባለቅኔው ማርሻል አንባቢውን በ5 ዲናር መጽሐፉን ወደሚያገኝበት ሱቅ ይመራዋል። ለደራሲው ግን ከሽያጩ የሚደርሰው መብት አልነበረውም። መጽሐፉ ከእጁ ከወጣ በኋላ የፈለገ ሁሉ ይገለብጠዋል፤ ስሕተትም አብሮ ይባዛል። ሲሴሮ አንድ የግሪክ ደራሲ ስም ማሳሳቱን ሲያውቅ፣ ወዳጁ አቲኩስ በጸሐፊዎቹ አማካይነት በየቅጂው ላይ እንዲያስተካክልለት ተማጽኗል።

የእስክንድርያን ቤተ መጻሕፍት ማን አቃጠለው?

ጥያቄው አንድ እሳትና አንድ ጥፋተኛ ይፈልጋል፤ ታሪኩ ግን እንደዚያ አይደለም።

ቤተ መጻሕፍቱ በ3ኛው መቶ ዘመን ቅ.ል.ክ. መጀመሪያ በፕቶሎሜዎስ ነገሥታት ተመሠረተ። የመጻሕፍት ረሃባቸው ይሉኝታ አልነበረውም። ሐኪሙ ጋሌን እንደጻፈው፣ ወደቡ ላይ በሚቆሙ መርከቦች የተገኘ መጽሐፍ ሁሉ ይወሰድና ይገለበጣል፤ ለባለቤቱ የሚመለሰው ግልባጩ ነው። ከአቴናም የሦስቱን ታላላቅ የትራጄዲ ደራስያን ኦፊሴላዊ ቅጂ በ15 መክሊት ብር መያዣ ተውሰው፣ መያዣውን ትተው ዋናውን አስቀሩ። በዚያው ካሊማኮስ የግሪክን ደራስያንና ሥራዎቻቸውን በ120 ጥቅልል መዘገበ። ኤራቶስቴንስ የምድርን ዙሪያ ያሰላው የዚህ ቤት ኃላፊ ሳለ ነው።

ከዚያስ? በ48 ቅ.ል.ክ. ቄሣር ወደቡ ላይ መርከቦችን ሲያቃጥል እሳቱ ወደ መጻሕፍት ተዛመተ፤ ሮማዊው ፈላስፋ ሴኔካ 40,000 ጥቅልል እንደጠፋ ይናገራል። ቤተ መጻሕፍቱ ያለበት የነገሥታቱ ሰፈር በ3ኛው መቶ ዘመን ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥቱ አውሬልያን ከተማዋን ሲይዝ ወደመ። የቤተ መጻሕፍቱ ቅርንጫፍ የነበረበት የሴራፒስ ቤተ መቅደስም በ391 ፈረሰ። ካሊፋ ዑመር መጻሕፍቱን ለመታጠቢያ ቤት ማገዶ አደረጋቸው የሚለው ወሬ ደግሞ ከድርጊቱ ወደ ስድስት መቶ ዓመት ዘግይቶ የተጻፈ ስለሆነ ምሁራን አያምኑበትም፤ እኔም መደጋገሙ እንዲቆም እመኛለሁ።

ለእኔ ከእሳቶቹ ሁሉ የሚከፋው ቀስ በቀስ የመጣው ነው። ነገሥታቱ ለሊቃውንት መክፈል አቆሙ፤ ሊቃውንቱ ተበተኑ፤ ያረጀውን ጥቅልል የሚገለብጠው ጠፋ። በባሕር ዳር እርጥበት ውስጥ ያለ ፓፒረስ ካልተገለበጠ ማንም ሳያቃጥለው ያልቃል።

መጽሐፍ መዋስ ይቻል ነበር?

እንደ ቦታው ነው። በአቴና በፓንታይኖስ ቤተ መጻሕፍት በ100 ዓ.ም. ገደማ በድንጋይ የተቀረጸው ማስታወቂያ «ምለናልና መጽሐፍ ከዚህ አይወጣም፤ ከአንደኛው ሰዓት እስከ ስድስተኛው ክፍት ነው» ይላል። ሰዓቱ እንደ እኛው ከንጋት የሚቆጠር ስለሆነ እስከ ቀትር ማለት ነው።

ብራና በጴርጋሞን ተፈለሰፈ የሚባለው ልክ ነው?

አይደለም። ፕሊንዮስ፣ ግብፅ በቤተ መጻሕፍት ፉክክር ቀንታ ፓፒረስ ስለከለከለች በትንሹ እስያ ያለችው ከተማ ጴርጋሞን ብራናን ፈጠረች ይላል። በቆዳ ላይ መጻፍ ግን በግብፅም በምሥራቁም ከዚያ በብዙ የቀደመ ነው። ጴርጋሞን ሥራውን አሻሽላና አስፋፍታ ሊሆን ይችላል።

ጥቅልሉ ለምን በጥራዝ ተተካ?

ዛሬ መጽሐፍ የምንለው፣ ቅጠሉ ታጥፎ የተሰፋው፣ የተወለደው ሮማውያን ማስታወሻ ከሚይዙበት በሰም ከተቀባ የእንጨት ሰሌዳ ነው። ማርሻል በ1ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በአንድ እጅ የሚያዝና ለመንገደኛ የሚመች የብራና መጽሐፍ ሲያስተዋውቅ እናያለን። በሁለቱም ገጽ ይጻፋል፤ ብዙ ይይዛል፤ የተፈለገው ቦታ ቶሎ ይገለጣል። ሆኖም የግሪክና የሮም ልሂቃን ሁለት መቶ ዓመት ያህል ችላ አሉት። በሙሉ ልብ የተቀበሉት ክርስቲያኖች ናቸው፤ ከእነርሱ ዘንድ የተገኙት የ2ኛውና የ3ኛው መቶ ዘመን የቅዱሳት መጻሕፍት ቅጂዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ጥራዞች ናቸው። ምናልባት አራቱን ወንጌላት በአንድ ላይ መያዙ፣ ጥቅስ ፈልጎ ለማግኘት ማመቸቱ ይሆናል። በ4ኛው መቶ ዘመን ጥራዝ ጥቅልልን በለጠው።

ከዚያ የሽግግር ዘመን ማግስት የተረፈ ቅርስ በእኛ አገር አለ። በዓድዋ አቅራቢያ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት የብራና ወንጌሎች በካርቦን ምርመራ ከ390 እስከ 660 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ የተዘጋጁ ናቸው። በሥዕል ካጌጡት የወንጌል ጥራዞች መካከል በዓለም ላይ እጅግ ጥንታውያን ከሚባሉት ናቸው፤ ያሉትም በሙዚየም መስታወት ውስጥ ሳይሆን በገዳማቸው ነው።

ከጥንቱ ዓለም ምን ያህሉ ተረፈ?

ትንሹ ነው። የአቴናው ሶፎክልስ 120 የሚያህሉ ተውኔቶችን ጽፎ በሙሉ የደረሱን 7 ናቸው። ትምህርት ቤት የሚፈልጋቸው ተገለበጡ፤ ሌሎቹ ቀሩ።

የግዕዝ ጸሐፍት ድርሻ በዚህ ላይ ሊነገር ይገባል። መጽሐፈ ሄኖክ ጥንት በሰፊው ይነበብ ነበር፤ ይሁዳ በመልእክቱ ጠቅሶታል። ኋላ ግን በግሪኩም በላቲኑም ዓለም ችላ ተባለና ሙሉው ጠፋ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ በ1773 የግዕዝ ቅጂዎችን ይዞ አውሮፓ እስኪመለስ ድረስ የአውሮፓ ሊቃውንት ሙሉውን አያውቁትም ነበር። ከ1947 ጀምሮ በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች በተገኙት ጥቅልሎች መካከል የሄኖክ የአራማይክ ቁርጥራጮች ሲወጡ፣ ቢያንስ አብዛኛው ክፍል ከክርስቶስ ልደት በፊት የነበረ መሆኑ ተረጋገጠ። የመጽሐፈ ኩፋሌም የዕብራይስጥ ቁርጥራጮች በዚያው ተገኝተዋል። ዛሬም ሁለቱን መጻሕፍት ሙሉ አድርጎ የያዘው ግዕዝ ብቻ ነው። ይህን ያደረገው በረሃ ወይም ዋሻ አይደለም። በእጃችን ያሉት የግዕዝ ቅጂዎች፣ መጻሕፍቱ በአክሱም ዘመን ከተተረጎሙ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ የተጻፉ ናቸው። በመካከል ስማቸው ያልተጻፈ ቁም ጸሐፊዎች ቆዳ ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው፣ ያረጀውን ወደ አዲስ ብራና አሻግረዋል። ከሊቅ እስከ ደቂቅ የምንኮራባቸው ሊሆኑ ይገባል።

አዲስ ነገር ዛሬም ይገኛል?

አዎን፤ እንዲያውም በአስደናቂ መንገድ። በ79 ዓ.ም. የቬሱቭየስ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ በጣሊያን በሄርኩላንየም ከተማ የአንድ ቪላ ቤተ መጻሕፍት ከሰል ሆኖ ተቀበረ። ከ1752 ጀምሮ ከ1,800 በላይ ጥቅልልና ቁራጭ ወጥቷል፤ ሊፈቱ ሲሞከር ግን ብዙዎቹ ተሰባበሩ። አሁን ጥቅልሉ ሳይፈታ በኃይለኛ ኤክስሬይ ይነሣና ኮምፒውተር የቀለሙን ምልክት ይፈልጋል። በ2023 አንድ ተማሪ በዚህ ዘዴ ከተዘጋ ጥቅልል ውስጥ «ሐምራዊ» የሚል የግሪክ ቃል አነበበ። በ2024 መጀመሪያ ከዚያው ጥቅልል ከ2,000 በላይ ፊደላት መነበባቸው ተገለጠ፤ የሚናገረው ስለ ደስታ ሲሆን ደራሲው ፈላስፋው ፊሎዴሞስ ሳይሆን አይቀርም ተብሏል።

እነዚህን መጻሕፍት በዓይኔ ማየት እችላለሁ?

ለንደን ያሉ የነነዌን ጽላቶች በብሪታንያ ሙዚየም ያገኛሉ። እስራኤል ላሉ፣ የቁምራን ጥቅልሎች በኢየሩሳሌም በእስራኤል ሙዚየም ናቸው፤ 7 ሜትር ከሚያልፈው የኢሳይያስ ጥቅልል ጀምሩ (ብዙውን ጊዜ ለእይታ የሚቀርበው አምሳያው ነው)፤ ጃንደረባው በእጁ የያዘው ምን ይመስል እንደነበር ለመገመት ከእርሱ የተሻለ የለም። ካይሮ የሚያልፍ ሰው በ1945 በግብፅ በናግ ሐማዲ የተገኙትን በኮፕት ቋንቋ የተጻፉ ጥንታዊ ጥራዞች ከነቆዳ ሽፋናቸው በኮፕት ሙዚየም ይይ። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ የብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትና የስድስት ኪሎው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም የብራና ስብስቦች አሉ። ለመንገድ ያልተመቸው ሰው ቅር አይበለው፤ የኢሳይያስን ጥቅልል እስራኤል ሙዚየም፣ የ4ኛውን መቶ ዘመን የሲና መጽሐፍ ቅዱስንም የያዙት ተቋማት በኢንተርኔት ገጽ በገጽ በነፃ አቅርበዋቸዋል።